ስንሻው ዱላ የተማረበት ምክንያት

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ጆሮ ያለው ይስማ፤ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ!

በድሮ ጊዜ አያ ጫንያለው የሚባሉ የምክቶሽ አስተማሪ ነበሩ። ምክቶሽ ታውቃላችሁ? በሽመል መማታት፣ በሽመል መመከት ነው። እሳቸውም ተማሪ በመጣ ቁጥር «ለምን መጣህ?» ይላሉ።

መጀመሪያ በላቸው መጣ።

«ለምን መጣህ?»

«የሰደበኝን ልፈነክተው!»

ቀጥሎ ዘርጋው መጣ።

«አንተስ ለምን መጣህ?»

«ሠርጌ ላይ ስፎክር ልጃገረዶች እንዲያዩኝ!»

በመጨረሻ ስንሻው መጣ። ስንሻው ቅጠል ኮሽ ሲል የሚደነግጥ ፈሪ ነው።

«አንተስ፣ ልጄ?»

«አያ፣ ዱላ ሲመጣብኝ ዓይኔ ይጨፈናል። ስጨፍን የሚያመልጠኝ ምን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ሁለቱ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አያ ጫንያለው ግን አልሳቁም።

የአያ ደንብ አንድ ነው፦ ጀማሪ ይመክታል እንጂ አይመታም። ክረምት ይመክታል፣ በጋ ይመክታል። በላቸው «መመከት ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ተናዶ ሄደ። ዘርጋውም ሠርጉ ሲደርስ «ይበቃኛል!» ብሎ ሄደ። ስንሻው ቀረ። ይመክታል፣ ይጨፍናል፣ ዱላው ያርፍበታል። ግንባሩ አብጦ ሲገባ ሚስቱ ጥሩወርቅ «አንተ ሰው፣ ምን ነካህ?» ትለዋለች። እሱ ደስ ብሎት «ዛሬ እኮ ግማሹን አየሁት!» ይላታል።

አንድ ዓመት ድርቅ ገባ። ለመንደሩ የቀረው አንድ ምንጭ ብቻ ነበር። አባ መብረቅ የሚሉት ጉልበተኛ መጥቶ ምንጩ አፍ ላይ ተቀመጠ። «ውሃ የፈለገ ሽመሉን ይዞ ይምጣ!» አለ። ከብቱ ጮኸ። የስንሻው ልጅ ከንፈሯ ደረቀ። አያ ጫንያለው ደግሞ አርጅተዋል።

በላቸው ሄደ። በንዴት ዘሎ ሲገባ አባ መብረቅ ወገቡን አለው፤ ወደቀ። ዘርጋው ሄደ። ፎከረ፤ ማን እንዳየው ለማየት ዞር ሲል ጆሮ ግንዱን አለው፤ ወደቀ። ስንሻው ሄደ። ፈርቷል፤ ዓይኑ ግን ፈጧል።

አባ መብረቅ ሽመሉን አነሳ። ስንሻው መከተ፤ አየ። ደግሞ አነሳ። መከተ፤ አየ። ምን አየ መሰላችሁ? አባ መብረቅ ሊመታ ሲል እሱም ዓይኑን ይጨፍናል! «ወይ ጉድ! ለካ ይሄም ይፈራል!» አለ ስንሻው በልቡ። ሦስተኛ ሲያነሳ ስንሻው አልመከተም፤ ፈቀቅ አለ። ያ ሁሉ ጉልበት ነፋስ መታና አባ መብረቅ በአፍጢሙ ተደፋ። ሴቶቹ እንስራቸውን አዝለው፣ እየሳቁ ተሻግረውት ውሃ ቀዱ። አባ መብረቅም አፍሮ በሽማግሌዎች ፊት ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ለመነ፤ ዝናብ እስኪጥልም የአሮጊቶችን ውሃ ሲያመላልስ ከረመ።

በላቸው ወገቡን፣ ዘርጋው ጆሮ ግንዱን እያሹ ወደ አያ ጫንያለው ሄዱ።

«አያ፣ አብረን ጀምረን ይህ ፈሪ እንዴት በለጠን?»

«አንተን ቁጣ አመጣህ፤ ቁጣው በረደ። አንተን ሠርግ አመጣህ፤ ሠርጉ አለቀ። እሱን ያመጣው ማወቅ ነው። ማወቅ መቼ ያልቃል? ልጆቼ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»