ቶሎ የሚነሳው ማሽን

ታሪኩ የሚባል አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ አለ። ከታላቅ ወንድሙ ጋር እንደገና ተጣልቶ የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሽ ውድነህ ቤት መጣና እንዲህ ሲል ጠየቃቸው፦ «ጋሽ ውድነህ፣ እኛ ስንታረቅ ከልባችን ነው። እናታችንን እንኳ እኔ ቤት ወስጄ የምጦራት እኔው ነኝ፤ እሱ ላይ የጣልኩበት ሸክም የለም። ታዲያ እርቃችን የማይሰነብተው ለምንድን ነው?»

ጋሽ ውድነህ አላባበሉትም። «የማሽን ሰው ነህና በምታውቀው ልንገርህ፤ ከተሳሳትኩ ታርመኛለህ» አሉና ጀመሩ።

አንድ ሰው ነበረ፤ ድረ ገጽ ነበረው። ድረ ገጹ የትኛው መድኃኒት ቤት ምን መድኃኒት እንዳለው ያሳያል። በሽተኛ ያለበት ቤተሰብ ከተማውን ሲያስስ ከሚውል በስልኩ ይፈልግና «አስቀምጡልኝ» ብሎ በድረ ገጹ በኩል ለመድኃኒት ቤቱ መልእክት ይልካል። ድረ ገጹ የሚኖርበት ሰርቨር በሰው አገር በኪራይ የተቀመጠ ነው። ደመና ላይ ነው ይሉታል፤ ሰማይ ላይ የተሰቀለ ነገር ግን የለም፣ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ነው።

ይህ ሰርቨር ድንገት መቆም አመጣ። ሰውየው ያስነሳዋል፣ ይሠራል፣ ደስ ይለዋል። ደግሞ ይቆማል። አከራዮቹን ረገመ፣ ኔትወርኩን ረገመ፣ ምቀኛም ጠረጠረ። ተለቅ ያለ ማሽን ተከራየ፤ ያም ቆየት ብሎ ቆመ። በመጨረሻ አንድ ጠባቂ ፕሮግራም አስገባበት፤ የጠባቂው ሥራ ሰርቨሩ በወደቀ ቁጥር ወዲያው ማስነሳት ነው። ከዚያ ወዲህ ሰውየው እፎይ አለ። ድረ ገጹን በከፈተ ቁጥር ሲሠራ ያገኘዋል፤ የማይታይ ውድቀት ደግሞ ማንን ያስጨንቃል?

አንድ ቀን የስኳር ሕመምተኛ ልጅ ያላት እናት ደወለችለት።

«ወንድሜ፣ ኢንሱሊን እንዲያስቀምጡልኝ ልኬ ነበር። ከከተማ ዳር ተነስቼ ብሄድ የደረሰን መልእክት የለም አሉኝ፤ የነበረውንም ሌላ ሰው ወስዶታል። ያንተ ነገር አይሠራም ነበር እንዴ?»

«ኧረ ይሠራል!» አለና የሰርቨሩን መዝገብ ከፍቶ አየ። ሰርቨሩ መልእክቷን እንደያዘ ወድቆ ነበር። ጠባቂው በቅጽበት ስላስነሳው ውድቀቱን ማንም አላየም፤ መልእክቷ ግን አብሮ አልተነሳም። «እባክሽ እዚያው ጠብቂኝ» አላትና መድኃኒት ቤቶቹ ጋ በየተራ ደወለ፤ እስኪያገኝላት ድረስ አልተቀመጠም።

ከዚያ ቆረጠ። ጠባቂውን አጠፋው። ድረ ገጹ ላይ «ለምርመራ ዝግ ነን፤ መድኃኒት የምትፈልጉ ደውሉልን» ብሎ በትልቁ ጻፈ። የሥራ ባልደረባው «አብደሃል? ሰው ምን ይለናል?» ብትለው፣ «ያሻውን ይበል። ምክንያቱን ሳላይ ለሰው አልከፍተውም» አላት።

እስከዚያ ቀን ድረስ ሁልጊዜ የሚደርሰው ከወደቀ በኋላ ነበር። አሁን ግን ሰርቨሩ ደኅና ሳለ አጠገቡ ተቀመጠ። ሥራዎቹን አንድ በአንድ እየሰጠ ሚሞሪው፣ ማለትም ማሽኑ ሲሠራ ነገሮችን ለጊዜው የሚይዝበት ቦታ፣ ምን ያህል እንደተያዘ ይመለከት ጀመር። ፍለጋ ሰጠው፣ ምንም አልሆነም። መልእክት ሰጠው፣ ደኅና ነው። መድኃኒት ቤቶቹ ድረ ገጹ ላይ እንዲወጣ የሚልኩትን የመድኃኒት ፎቶ ሲሰጠው ግን ሚሞሪው ከፍ አለ፤ ፎቶው ካለቀ በኋላም አልወረደም። ሌላ ፎቶ ጨመረ፣ ደግሞ ከፍ አለ። እንዲህ እየሞላ፣ እየሞላ፣ መፈናፈኛ ሲያጣ ሰርቨሩ ዓይኑ እያየ ወደቀ።

ፎቶዎቹን የሚያሳንሰውን የፕሮግራሙን ክፍል የጻፈው ራሱ ነበር። ከሥራው ሁሉ የሚኮራውም በዚያ ነበር፤ ስለዚህ አንድም ቀን ጠርጥሮት አያውቅም። አፈረ፣ በጣም አፈረ። ቢሆንም ቁጭ ብሎ አስተካከለው፤ እያንዳንዱ ፎቶ ሲያልቅ የያዘውን ቦታ እንዲለቅ አደረገ። ፎቶ በፎቶ ላይ እየጨመረ ደጋግሞ ፈተነው። ሚሞሪው ከፍ ይላል፣ ተመልሶ ይወርዳል። ያን ጊዜ ለሰው ከፈተው።

ጋሽ ውድነህ ይህን ብለው ወደ ታሪኩ ዞሩ። «አየህ ልጄ፣ ሰርቨሩ አንተና ወንድምህ ናችሁ። እኔን ደግሞ ጠባቂ አድርጋችሁ ቀጥራችሁኛል። ስትወድቁ እመጣለሁ፣ ጉልበት አሳስማችኋለሁ፣ ትነሳላችሁ። ምን እንደጣላችሁ ግን አትነጋገሩም፤ ስለዚህ መሙላቱ እንደገና ይጀምራል። በጠባችሁ ቀን የተባባላችሁትን ሁሉ ነግረኸኛል። እኔ የምጠይቅህ ደኅና ሳላችሁ ስለሆነው፣ ደግሞም ስለምትኮራበት ነገር ነው። እናታችሁን ወደ ቤትህ ስትወስድ ወንድምህን አማክረኸዋል?»

ታሪኩ ቀስ ባለ ድምፅ «አላማከርኩትም። ወንድሜ ከሥራ ሲመለስ ሁልጊዜ እሷ ጋ ጎራ ሳይል ቤቱ አይገባም ነበር» አለ።

«እንግዲያው ዛሬ አላስታርቃችሁም» አሉት ጋሽ ውድነህ። «ብቻህን ሂድ። ጠይቀው፤ ሲናገርም አታቋርጠው። እስኪጨርስ ድረስ ይቅርታ እንኳ አትበል።»