ማስተዋልና ሦስት መቶው ዳቦ

ተረት ተረት ስላችሁ «የመሠረት» በሉኝ፤ ዝም ካላችሁ እኔም ዝም እላለሁ። አላችሁ? እንግዲያው ስሙ።

ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል የምትማር ማስተዋል የምትባል ልጅ ነበረች። አንድ ነገር ብቻ ፈለገች። ቅዳሜ የወላጆች ቀን ነው፤ በዚያ ቀን ልጅና ወላጅ እግር ለእግር ታስረው ይሮጣሉ። ሰው ያልመጣለት ልጅ ግን ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ የሯጮቹን ሹራብ ይይዛል። አምና እናቷ መጥታላት ነበር። ዘንድሮ እናቷ አራስ ናት፤ ገና ሁለት ሳምንቷ ነው፣ ከቤት አትወጣም። የቀራት አባቷ ብቻ ነው። ሹራብ ያዥ መሆን ደግሞ ማን ይፈልጋል?

አባቷ አቶ ስንታየሁ ልብስ ሰፊ ነው። ለሚዘምሩት አሥራ ሁለት ሴት ልጆች ነጭ ቀሚስ እንዲሰፋ ከትምህርት ቤቱ ታዟል፤ አንደኛው የማስተዋል የራሷ ነው። ሐሙስ ከሰዓት ሱቁ ብትደርስ፣ የስፌት መኪናውን አቁሞ አገጩን ይዞ ተቀምጧል።

«አባዬ፣ ቅዳሜ ትመጣለህ አይደል?»

መዘውሩን የሚያዞረው የመኪናው ጠፍር ተበጥሷል አላት። እሱ ለሩጫ ሲል አሥራ ሁለት ልጅ ያለ ቀሚስ አያቆምም፤ አዲስ ጠፍር ከተገኘ ግን ሰፍቶ ጨርሶ ይመጣል። ጠፍር ከሌለ መኪናው አይሰፋም፤ መኪናው ካልሰፋ አባት አይመጣም፤ አባት ካልመጣ ማስተዋል አትሮጥም።

«ይሄማ ቀላል ነው» አለች ማስተዋል። ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ወደ ጫማ ሰፊው ወደ አቶ ጉልላት ሄደች። የአቶ ጉልላት የልጅ ልጅ አንደኛ ክፍል ነው። ጠፍር ይቆርጡልኝ ብላ ለመነቻቸው። ሽማግሌው ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት። ቅዳሜ ወላጆችና መምህራን ኳስ ይጋጠማሉ፤ ኳሱን የሚሰፉት እሳቸው ናቸው፤ አንድ ሥራ ሳያልቅ ሌላ መጀመር ደግሞ በእሳቸው ቤት ነውር ነው። ኳሱ ለምን አላለቀም ብትላቸው፣ አየር የሚይዘው የውስጡ ጎማ፣ ከመነዳሪው፣ ያፈሳል፣ ጎሚስታው ጋ ልኬዋለሁ አሉ። ከመነዳሪው ካልመጣ ኳሱ አያልቅም፤ ኳሱ ካላለቀ ጠፍሩ አይቆረጥም፤ ጠፍሩ ካልተቆረጠ መኪናው አይሰፋም፤ መኪናው ካልሰፋ አባት አይመጣም፤ አባት ካልመጣ ማስተዋል አትሮጥም።

ማስተዋል ቦርሳዋን አስተካክላ ወደ ጎሚስታው ወደ ከድር ሄደች። ከድር የመኪና ጎማ ሲነፋ ነው የምናውቀው፤ ዕለቱን ግን ለትምህርት ቤቱ በር ጌጥ ፊኛ ይነፋል። በጎማ አየር ፊኛ መንፋት! ሁለት ሲነፋ አንዱ እየፈነዳ፣ ያልፈነዱትን አፋቸውን በጣቱ ቆንጥጦ ቆሟል። በግራ እጁ አራት ፊኛ፣ በቀኝ እጁ ሦስት ፊኛና የአየር ቱቦው። ቢለቅ ይተነፍሳሉ፤ ካልለቀቀ ሌላ ነገር መንካት አይችልም። ማስተዋል አንዱን ልትቋጥርለት ሞከረች፤ ከእጇ አምልጦ ፊሽ እያለ ጣሪያ ላይ ወጣ። ከድርም እባክሽ ተይኝ አላት።

ዳቦ ጋጋሪዋ እትዬ ጥሩወርቅ መጥቼ አስርልሃለሁ ብለውት እየጠበቃቸው ነው። እሳቸው ካልመጡ ፊኛው አይታሰርም፤ ፊኛው ካልታሰረ ቱቦው አይለቀቅም፤ ቱቦው ካልተለቀቀ ከመነዳሪው አይጠገንም፤ ከመነዳሪው ካልተጠገነ ኳሱ አያልቅም፤ ኳሱ ካላለቀ ጠፍሩ አይቆረጥም፤ ጠፍሩ ካልተቆረጠ መኪናው አይሰፋም፤ መኪናው ካልሰፋ አባት አይመጣም፤ አባት ካልመጣ ማስተዋል አትሮጥም።

ሌላ ልጅ ቢሆን እዚህ ላይ አልቅሶ ቤቱ ይገባ ነበር። ማስተዋል ግን ከድርን አንድ ነገር ጠየቀችው፤ ቅዳሜ ለልጁ ለሙባረክ ይመጣለት እንደሆነ። ከድር የት ጊዜ አለኝ አላት፤ ይሄን ሁሉ ፊኛ ነፍቶ የተጠራቀመውን ጎማ ደግሞ ማን ይሠራለታል? ማስተዋል ስለ ሙባረክም ከፋት። አቶ ጉልላትን አለመጠየቋም ቆጫት።

ከዚያ ወደ እትዬ ጥሩወርቅ ዳቦ ቤት ሄደች። ብትገባ እስከ ክንዳቸው ሊጥ ውስጥ ናቸው፤ ግንባራቸው ላይ ዱቄት አለ። ፊኛውን ቃል ገብቼ ነበር፣ ግን በምን እጄ? አሉ። ዳይሬክተሩ ለቅዳሜ ሦስት መቶ ዳቦ አዘዋቸዋል፤ እስካሁን የወጣው ሰማንያ ነው። ቅዳሜ ራሳቸው ይመጡ እንደሆነ ስትጠይቃቸው ከት ብለው ሳቁ፤ ከዚህ ሁሉ ዳቦ በኋላ ቅዳሜ ተኝቼ ነው የምውለው አሉ። ልጃቸው ሦስተኛ ክፍል ናት።

እንግዲህ አብረን እንቁጠር፤ ትንፋሽ ያጠረው ይቀመጥ። ዳቦው ካላለቀ የእትዬ ጥሩወርቅ እጅ አይፈታም፤ እጃቸው ካልተፈታ ፊኛው አይታሰርም፤ ፊኛው ካልታሰረ ቱቦው አይለቀቅም፤ ቱቦው ካልተለቀቀ ከመነዳሪው አይጠገንም፤ ከመነዳሪው ካልተጠገነ ኳሱ አያልቅም፤ ኳሱ ካላለቀ ጠፍሩ አይቆረጥም፤ ጠፍሩ ካልተቆረጠ መኪናው አይሰፋም፤ መኪናው ካልሰፋ አባት አይመጣም፤ አባት ካልመጣ ማስተዋል አትሮጥም።

ማስተዋል በመጣችበት መንገድ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለሰች። ዳይሬክተሩ አቶ ጥጋቡ ቢሮአቸውን ሊቆልፉ ሲሉ በሩ ላይ ደረሰችባቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን ሥራ ማከፋፈል ይወዳሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለው ለወላጅ ሁሉ ሎሚ ሎሚውን አድለውታል። ስለ ዳቦው ስትነግራቸው ከሦስት መቶ አንድ አይቀነስም አሉ፤ ሦስት መቶ እንግዳ ይመጣል፣ እንግዳ ጠርቶ ባዶ ሆዱን መስደድ ደግሞ ውርደት ነው።

እንግዶቹ እነማን እንደሆኑ ጠየቀቻቸው። ወላጆች ናቸዋ፣ አሉና የወላጆቹን ዝርዝር ከመሳቢያ አወጡላት። ማስተዋል ማንበብ ትችላለች፣ ጣቷን እያስኬደች ቢሆንም። «ስንታየሁ፣ ቀሚስ» ይላል። «ጉልላት፣ ኳስ» ይላል። «ከድር፣ ፊኛ። ጥሩወርቅ፣ ዳቦ» ይላል። ከዚያ ቀጥሎ «ይገኛሉ ወይ?» የሚል ረድፍ አለ። ዳይሬክተሩ የሥራውን ረድፍ አሥር ጊዜ አይተውታል፤ ይሄኛውን አንድ ጊዜም አላዩት። ከላይ እስከ ታች ወላጅ ሁሉ በየራሱ የእጅ ጽሑፍ አንድ ዓይነት ነገር ጽፏል። ሥራ አለብኝ። ሥራ አለብኝ። ሥራ አለብኝ።

«ታዲያ ቲቸር» አለች ማስተዋል፣ «ዳቦውን ማን ይበላዋል?»

አቶ ጥጋቡ ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡት፤ ገልብጠው አነበቡት፤ ከዚያ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። አፈሩ። ትልቅ ሰው ልጅ ፊት ሲያፍር ደስ አይልም፤ ማስተዋልም መስኮት መስኮቱን አየች። ተነሱና ቁልፋቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

«ሰማንያው ይበቃል» አሉ። «ነይ፣ አብረን ሄደን እንንገራቸው። የተሠራው ይበቃል፤ የጎደለው ይጉደል። ሰው ግን አይጉደል።»

እሷ ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ ሆነው ወረዱ። በየደረሱበት ዳይሬክተሩ ሥራውን ቀነሱ፣ ሰውየውን ለቅዳሜ ጠሩ። ዳቦው ሲበቃ የእትዬ ጥሩወርቅ እጅ ተፈታ፤ እጃቸው ሲፈታ ፊኛው ታሰረ፤ ፊኛው ሲታሰር ቱቦው ተለቀቀ፤ ቱቦው ሲለቀቅ ከመነዳሪው ተጠገነ፤ ከመነዳሪው ሲጠገን ኳሱ አለቀ፤ ኳሱ ሲያልቅ ጠፍሩ ተቆረጠ፤ ጠፍሩ ሲቆረጥ መኪናው ሰፋ። ዓርብ ቀኑን ሙሉ የአቶ ስንታየሁ መኪና ተንቀጨቀጨ።

አባት መጣ ብዬ ልጨርስላችሁ ነበር፤ ገና አልመጣም። ቅዳሜ ጠዋት አሥራ አንዱ ቀሚስ ታጥፎ ተቀምጧል፤ አሥራ ሁለተኛው ግን አንድ እጅጌ ይቀረዋል። ሰዓቱ ደርሷል። አቶ ስንታየሁ ደግሞ ጎዶሎ ሥራ ከእጁ ወጥቶ አያውቅም። አንቺ ቅደሚ፣ ይቺን ጨርሼ እደርሳለሁ አላትና ክር ሊያስገባ አጎነበሰ። ማስተዋል ያችን «እደርሳለሁ» ታውቃታለች፤ በያመት በዓሉ ሰምታታለች። እጇን ዘርግታ ቀሚሱን ከመኪናው ላይ ሳበችው።

«ይሄ እኮ የኔው ነው፣ አባዬ። እጅጌው ይቅር። አንተ ና።»

አባቷ አያት። ቀሚሱን አየ፣ መልሶ እሷን አየ። መቀሱን አስቀመጠ፣ ኮቱን ከሚስማሩ አወረደ፣ አሥራ አንዱን ቀሚስ ታቀፈ፣ ሱቁን በቀን ብርሃን ቆለፈ።

ዕለቱን ያየ ሰው እስካሁን ያወራል። በሩ ላይ የነበረው ፊኛ ሠላሳ እንኳ አይሞላም፤ ማንም አልቆጠረውም። ዳቦው አላዳረሰም፤ ለሁለት እየተገመሰ ተበላ። ከድር ለመምህራን ቡድን ቆሞ በራሱ ቡድን ላይ ግብ አገባ፤ የማን ወገን እንደሆነ ማንም አልነገረውም ነበር። ማስተዋል በአንድ እጅጌ ዘመረች፣ ያውም ከሁሉም ድምፅ በላይ።

ከዚያ ሩጫው መጣ። የማስተዋል ቀኝ እግርና የአባቷ ግራ እግር በሻሽ ታሰሩ። ፊሽካው ተነፋ፤ አባት በራሱ እርምጃ ሄደና ሁለቱም ተያይዘው ወደቁ። ተነሱ፤ ደግመው ወደቁ። አቶ ስንታየሁ ተስፋ ቆርጦ ሻሹን ሊፈታ እጁን ሲሰድ ማስተዋል እጁን ያዘችው። እግሬን እያየህ ሂድ፣ እኔ ስል ብቻ አንሳ አለችው። እሱም እግሯን እያየ፣ «አሁን» ስትል እያነሳ፣ «አሁን» ስትል እያሳረፈ፣ ሁሉም ከጨረሰ በኋላ መጨረሻ ሆነው ገቡ። ደስ አላት፤ በጣም ደስ አላት። አባቷም ሻሹ እንዲፈታ አልፈለገም፤ እንደታሰሩ ሜዳውን አንድ ጊዜ እንዙረው አላት፣ ዞሩትም።

የኔ ተረት ይኸው ነው፤ ተቀበሉኝ። ዳቦውን እኔም አላገኘሁም፣ ለልጆቹ ይሁን።