የባለ አትክልቱ አውራ ጣት

አንድ አባት የንስሐ አባቱን፣ «አባ፣ ልጄ እንዲጠነክር ብዬ በሰው ፊት እዘልፈዋለሁ። እሱም ይስቃል እንጂ አይከፋውም። ታዲያ ምን ይጎዳዋል?» ሲል ጠየቃቸው። ቄሱም እንዲህ አሉት፦

አንድ ባለ አትክልት ነበረ። አቮካዶው በአገሩ የታወቀ ነው፤ እሱ ግን ከአቮካዶው ይልቅ በአውራ ጣቱ ይኮራል። መጋዘን የገባውን ፍሬ አንድ በአንድ ጫን እያደረገ፣ «ይህ ደርሷል፣ ይህ ይቆይ» ይላል፤ ተሳስቶም አያውቅም። ሰው «ጣት ማለት የእሱ ነው» ሲለው ደረቱን ይነፋል።

ከጊዜ በኋላ ፍሬውን የሚገዛው ነጋዴ ተቆጥቶ መጣ። ፍሬው ከላይ አምሮ ሲቆረጥ ውስጡ እየጠቆረ ነውና፣ ከተደገመ ደንበኝነታቸው እንደሚያበቃ ነገረው። ባለ አትክልቱ አፍታም አላሰበ። «ተሸካሚው እየወረወረ ነው የጨረሰብኝ» አለና፣ ከወጣትነቱ ጀምሮ ያገለገለውን ሽማግሌ ሁለተኛ እንዳይመጣ ነገረው።

ሴት ልጁ ሐኪም ቤት በሲቲ ስካን የሰውን ውስጥ የምታነሳ ባለሙያ ነበረች። «አባዬ፣ በሰውየው ከመፍረድህ በፊት ፍሬውን እንየው» አለችው። አለቆቿን አስፈቅዳ፣ በሽተኛ በሌለበት ሰዓት ተሸካሚው ቀድሞ ያመጣውን፣ የአባቷ ጣት ግን ገና ያልነካውን አቮካዶ በመሣሪያው አነሳች። ውስጡ ደህና ነበር። ከዚያ አባቷ እንደ ልማዱ ጫን እንዲያደርገው ጠየቀችና ያንኑ ፍሬ እንደገና አነሳችው። ልጣጩ ወደ ቦታው ተመልሷል። ከልጣጩ ሥር ግን ሥጋው በጣት ልክ ጎድጉዶ ቀርቷል።

አባትየው ምስሉን አይቶ አፈረ፤ እጅግም አፈረ። ቆይቶ ግን ቀና አለና፣ «ይህን ያየችው የኔ ልጅ ናት» አለ።

በማግስቱ ተሸካሚው ቤት ሄዶ፣ ጎረቤት እየሰማ ይቅርታ ጠይቆ ወደ ሥራው መለሰው። ምስሉንም አሳትሞ መጋዘኑ በር ላይ ሰቀለው። መንገደኛ ምንነቱን ሲጠይቀው፣ «የኔ ጣት ያበላሸው ነው፤ ልጄ ናት ያነሳችው» ይላል፣ ድሮ በጣቱ ይኮራ ከነበረው አብልጦ እየኮራ።

ቄሱ ይህን ተናግረው ወደ ጠያቂው ዞሩ።

«ልጄ፣ ጣቱ አንተ ነህ፤ የልጅህ ሳቅ ደግሞ ልጣጩ ነው። ቶሎ ይመለሳል፤ አንተም እሱን አይተህ አልተጎዳም ትላለህ። ልጅህ ግን ሆድ ይፍጀው ብሎ ይዞታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። መሣሪያ አያስፈልግህም፤ ዛሬ ስትገባ ለብቻው ጠይቀውና የሚልህን እስከ መጨረሻው ስማው። ‹አባዬ፣ አጥፍተሃል› ለማለት የደፈረ እንደሆነ፣ ያን ጊዜ በሰው ፊት ኩራበት።»