የኒካንድሮስ አንበሳ ጅራት

አንዲት አባባል አለች። አንድ ቀን በሥራዬ ስኩራራ የሰፈራችን ሽማግሌ ወርወር አድርገውብኝ እስከ ጆሮዬ ቀላሁ። ከየት እንደመጣች ብጠይቃቸው ጥንት ግሪኮች አገር ድረስ ይዘውኝ ሄዱ። እውነትነቱን ለእሳቸው ትቻለሁ፤ እኔ እንደሰማሁት ላውጋችሁ።

ኒካንድሮስ የሚባል ድንጋይ ቀራጭ ነበር፤ እጁ የተባረከ፣ አፉ ግን ያልተገራ። ከተማው በጦርነት የሞቱ ልጆቹ መቃብር ላይ የሚቆም የእብነ በረድ አንበሳ እንዲሠራ አዘዘው። ድንጋዩን ፈልጠው ያመጡለት ላምፖን የተባሉ ሽማግሌ ናቸው።

«ልጄ፣ ከወደ ጅራቱ ስስ ስንጥቅ አለው። እዚያ ስትደርስ መዶሻህን አስቀምጠህ በአሸዋ እያሸህ ሂድ» አሉት።

«አባባ፣ እርስዎ ይፍለጡ፤ ቅርጹን ለእኔ ይተዉልኝ።»

ፊቱን፣ ጋማውን፣ ጥፍሩን ሲያሳምር ዓመት ፈጀ። ምርቃቱ ሦስት ቀን ሲቀረው የቀረው ጅራቱ ብቻ ነበር። ቸኮለና መዶሻውን አሳረፈበት፤ ጅራቱ ከሥሩ ቅንጥስ አለ። ለላምፖን ሄዶ መናገር ሞት ሆነበት። ሰምና የእብነ በረድ ዱቄት ለውሶ አጣበቀው፤ አንበሳውንም ጀርባውን ወደ መቃብሩ ግንብ አዙሮ አቆመው። «ከኋላው ደግሞ ማን ይሄዳል?» አለ ለራሱ። ስሙን ከአንበሳው እግር ሥር በጉልህ ጻፈ።

እኔን የሚያናድደኝ ይሄ «ማን ይሄዳል» ማለቱ ነው። በዚያ አገር የሟች ቤተሰብ የመቃብሩን ድንጋይ ዙሪያውን በዘይት ይቀባል። እሱ ራሱ የአባቱን መቃብር ስንቴ ቀብቷል!

በምርቃቱ ዕለት ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ሜሊታ የሚባሉ ዓይነ ስውር እናት የዘይት ማሰሮ ይዘው ቀረቡ። አንድያ ልጃቸው እዚያ ነው የተቀበረው። ዘይቱን በመዳፋቸው እያፈሰሱ ግንባሩን ቀቡ፣ ጋማውን ዳበሱ። «የልጄ ጠባቂ! የሠራህ እጅ ይባረክ» እያሉ በግንቡና በአንበሳው መሀል ገቡ።

ኒካንድሮስ ላብ አጠመቀው። «እማማ፣ ይበቃል፤ ይደክሙብናል።»

«ለልጄ ነው! ምኑ ያደክመኛል?»

ሰሙን ፀሐይ አላልቶታል። ጅራቱ እጃቸው ላይ ቀረ።

እናት ክው አሉ። ጅራቱን እንዳቀፉ ተንበረከኩ። «ወይኔ! የልጄን ድንጋይ በገዛ እጄ ሰበርኩት! ይቅር በለኝ፣ ልጄ!» ሕዝቡም «ምን አስነካቸው!» እያለ ጮኸባቸው።

ኒካንድሮስ ዝም አለ። ዝምታው ውኃ ተጎንጭቶ የመዋጥ ያህል ብቻ ነበር፤ ግን እስኪሞት ያሳፈረው እሱ ነው። ከዚያ አጠገባቸው በርከክ አለ።

«እርስዎ አይደሉም፣ እማማ። የሰበርኩት እኔ ነኝ። በሰም ደብቄው ነው።»

ሴትዮዋ ወደ ድምፁ ዞሩ። «ታዲያ እንደዚህ ሳለቅስ ምን ትጠብቅ ነበር?»

ኒካንድሮስ ከዚያ ወዲያ አርባ ዓመት ቀርጿል፤ ስንቱን አማልክትና ጀግና ከድንጋይ አውጥቷል። ሰው ግን ስሙን ሲሰማ «ባለ ሰሙ?» ብሎ ይጠይቃል። ያን ዕለት እሱ ገና እንደተንበረከከ፣ ላምፖን ከሕዝቡ መሀል ወጥተው ጅራቱን ከእናቲቱ እጅ ቀስ ብለው ተቀበሉና፣ የተጣበቀበትን ሰም በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አድርገው ለሕዝቡ እያሳዩ፣ «ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው» አሉ።