«ማን አጠፋው?» እና «መቼ ጠፋ?»

አንድ ሹፌር አንድ ሚሊዮን ስምንት መቶ ሺህ ብር አውጥቶ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። ስድስት መቶ ሺሁ የአሥራ አንድ ዓመት ጥሪቱ፣ የቀረው የባንክ ብድር ነበር። ሸዋንግዛው ይባላል። የሚኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ በመኪናዋ ሰው እያመላለሰ ልጆቹን ያሳድጋል። በሕንፃው የጋራ መስመር ላይ በራሱ ወጪ ቆጣሪ አስገብቶ በየቀኑ ቻርጅ ያደርጋል፤ የተጠቀመበትንም በየወሩ ይከፍላል።

በሁለተኛው ወር የሕንፃው መብራት አራት ጊዜ ጠፋ። የነዋሪዎቹ ኮሚቴ ብዙ አልተመራመረም። «ከመጪው ሰኞ ጀምሮ በግቢው ውስጥ መኪና ቻርጅ ማድረግ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጠፈ።

ሸዋንግዛው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ውጭ ያለው የቻርጅ ጣቢያ ወረፋው ግማሽ ቀን ይበላል፤ ግማሽ ቀን ተሠርቶ ደግሞ የባንክ ዕዳ አይከፈልም። ደላላ ዘንድ ደወለ። «በጥድፊያ ከሸጥካት አንድ ሚሊዮን ሦስት መቶ ሺህ» አለው። አምስት መቶ ሺህ ብር በአንድ ወረቀት ሊሄድበት ነው።

እሑድ ነዋሪው ሲሰበሰብ ተነሣ። «ጋሽ ጥላዬ፣ እባክዎ አንድ ጊዜ ይስሙኝ» አለ ሊቀ መንበሩን።

«ምን እንስማህ ልጄ? አንተ መኪናህን ታበላለህ፣ እኛ በጨለማ ደረጃ እንዳብሳለን!»

ሰዉ ሳቀ። የሦስተኛ ፎቋ እትዬ ዘነበች ግን አልሳቁም። «ለእናንተ ቀልድ ነው! አራቱንም ጊዜ የጠፋው ልብሴን ዘፍዝፌ፣ እጄ ሳሙና ውስጥ እንዳለ ነው። መብራቱ ድርግም ሲል ውሃውም አብሮ ቀጥ! ይቺ መኪና ከእኔ ልብስ ጋር ምን ጠብ አላት?»

ሸዋንግዛው ሊመልስ አፉን ከፍቶ ቆም አለ። «አራቱንም ጊዜ፣ እትዬ?»

«አራቱንም!»

«ልብስ የሚያጥቡት መቼ መቼ ነው?»

«መቼ ይሆናል? ውሃ ሲመጣ ነዋ! ፈረቃችን ማክሰኞና ቅዳሜ አይደል እንዴ?»

«እኔ እኮ ቻርጅ የማደርገው በየቀኑ ነው።»

ውሃ በሚመጣበት ቀን ወደ ጣሪያው ታንከር የሚገፋው ፓምፕ ይሠራል። ይህን የማያውቅ አልነበረም፤ ፓምፑና መኪናዋ አንዳንዴ በአንድ ሰዓት እንደሚገጣጠሙ ያሰበ ግን አልነበረም።

«ወሬ አይበቃም፣ እንየው» አሉ ጋሽ ጥላዬ፤ ሁሉም ተከትሏቸው ወረደ። መኪናዋ ብቻዋን ተሰካች፤ መብራቱ ንቅንቅ አላለም። ፓምፑ ለሙከራ ሲጨመር ግን ወዲያው ድርግም!

«ልብሴም መኪናዋም ነጻ ወጡ!» ብለው እትዬ ዘነበች እልል አሉ። ጋሽ ጥላዬም ወረቀቱን በእጃቸው ቀደዱና አዲስ ደንብ አጻፉ፦ «ፓምፑ በሚሠራበት ማክሰኞና ቅዳሜ ቻርጅ የለም። በሌሎቹ ቀናት ይቻላል፤ መኪና ሲበዛ ሰዓቱ እንደ እቁብ በዕጣ ይወጣል።»

ኮሚቴው «ማን አጠፋው?» ብሎ ጠይቆ ጥፋተኛ አገኘ። ሹፌሩ «መቼ ጠፋ?» ብሎ ጠይቆ መፍትሔ አገኘ። እናንተስ፣ በራችሁ ላይ ከተለጠፉት ክልከላዎች ስንቱ «መቼ?» ተብሎ ተጠይቋል?

ሒሳቡ ሲወራረድ እንዲህ ነው፦ ሸዋንግዛው በሳምንት የሁለት ቀን ቻርጅ ቀረበት፤ አምስት መቶ ሺህ ብሩና እንጀራው ተረፉለት። ሕንፃው ያጣው አንድ ወረቀት ነው። በቀጣዩ ወር መብራት የጠፋው ዜሮ ጊዜ።