ሟች የሌለው ድንኳን

አንድ ቀን የአያ ልመንህ ሚስት አስናቁ ከወፍጮ ቤት ስትመለስ ሞት በአንድ ክንድ ሳታት።

መንደራችን ጥድ አፋፍ ይባላል። ቤታችን ከመንገዱ በላይ ነው፤ ወፍጮውና ምንጩ ከመንገዱ በታች። መንገዱ አንዱ ሲወጣ አንዱ የሚወርድበት ጠባብ አስፋልት ነው፤ ከአፋፉ እስከ ወንዙ ድረስ ቁልቁል ይጠማዘዛል። ሾፌሮች ደግሞ ነዳጅ እንቆጥባለን ብለው ከአፋፉ ላይ ማርሹን ነቅለው ሞርታ ያደርጉና መኪናውን እንደ ተፈነቀለ ድንጋይ ይለቁታል። ሞተሩ አይጮህ፣ ጠምዛዛው አያሳይ። ጆሮው ደህና የሆነው ሰው እንኳ የሚያውቀው አጠገቡ ሲደርስ ነው። አስናቁ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ግራ ጆሮዋ አይሰማም፤ ከወፍጮ ስትመለስ መኪናው የሚመጣባት በዚያው በግራዋ ነው።

የዚያን ዕለት አንድ የጭነት መኪና በሞርታ ወርዶ፣ የጎን መስታወቱ ጀርባዋ ላይ ያለውን ስልቻ ቀዶት ሄደ። ሾፌሩ አልቆመም፤ ምናልባትም አላያትም። ሮጠን ስንደርስ አስናቁ ከመንገዱ ዳር ቁጭ ብላለች፤ ከፀጉሯ እስከ እግር ጣቷ ዱቄት ሆና ዓይኗ ብቻ ይቁለጨለጫል።

«ልመንህ፣ ሞቼ ነው እንዴ?» አለችው ባሏን።

ወዲያውም «ዱቄቱስ? የተረፈ አለ?» ብላ ጠየቀች።

«አይዟችሁ፣ አልሞተችም» አለን አያ ልመንህ ወደ እኛ ዞሮ።

ሳቅን። እሱም ሳቀ። ግን ዱቄቱ ከፊቷ ላይ ከጠፋ በኋላም መጥረጉን አላቆመም። አርባ ዓመት አብረው ኖረዋል፤ እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም፤ ለእሱ ያለችው እሷ ናት። የዚያን ቀን ማታ «ስመኘው፣ እሷ ከቀረችብኝ እኔ ምን ቀረኝ?» አለኝ። ሲቀልድ እንጂ እንዲህ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ሦስት ሆነን ወደ ወረዳው የመንገድ ጽሕፈት ቤት ሄድን። አንዱ አያ ልመንህ ነው። ሁለተኛው የእድራችን ዳኛ ባሻ ወንድይፍራው ናቸው። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ የእድሩ ጸሐፊ። ኃላፊው አቶ ጥበቡ ይባላሉ። ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚባለው ነገር አንዳንዴ መልአኩ ሲቸኩል ይስታል መሰለኝ። የማያውቁት ነገር የለም፤ ባሻ ቢሮአቸው ውስጥ ቢያስነጥሱ እንኳ ማስነጠስ እንደዚያ እንዳልሆነ አስረድተዋቸዋል።

«ጠምዛዛው ላይ ሁለት ጉብታ ይሠራልን፣ አንድ ምልክትም ይተከልልን» አሉ ባሻ። «ሾፌሩ ፍጥነቱን ይቀንስ ብለን ነው።»

«ጉብታ መኪና ይጎዳል» አሉ አቶ ጥበቡ።

«መኪናውም ሰው እየጎዳ ነው» አለ አያ ልመንህ።

አቶ ጥበቡ ከመሳቢያቸው አንድ ቅጽ አወጡና መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ነገሩ በስሜት አይሠራም፣ አባቶቼ። መመሪያ አለው። አንድ ቦታ አደገኛ የሚባለው በዓመት ውስጥ ሦስት ሰው ሲሞትበት ነው። እናንተ ዘንድ ስንት ሰው ሞተ?»

ባሻ አማተቡ። «ኧረ እግዜር ይመስገን፣ እስካሁን የለም!»

«ታዲያ እግዜርን አመስግናችሁ ግቡ።»

«ሁለት ፍየልና አንድ አህያ ግን ሞተዋል» አልኩ እኔ፤ ነገሩ እንዳይዘጋ ብዬ።

አቶ ጥበቡ ቅጹን ገለበጡ፣ መለሱ። ከልባቸው ነበር የሚፈልጉት። «አህያ የሚል ቦታ የለውም» አሉ።

«የኔ ሚስት ትናንት ለጥቂት ተርፋለች» አለ አያ ልመንህ።

«ለጥቂት የሚልም የለም። ሦስት ሲሞላ ኑ። ያን ጊዜ አንድ ቀን አላሳድራችሁም፤ በዕለቱ እፈርማለሁ።»

«በዕለቱ?»

«በዕለቱ! ቃሌ ነው።»

አያ ልመንህ ባርኔጣውን አንስቶ እጅ ነሳና ወጣ። እንደዚያ ዝም ብሎ ሲወጣ ደነገጥኩ። ልመንህ ዝም ካለ አንድ ነገር እየጎነጎነ ነው።

መንደር እንደደረስን በቀጥታ ወደ እድሩ ዕቃ ቤት ሄደና «ድንኳኑን ስጡኝ» አለ።

«ማን ሞተብህ?» አሉ ባሻ ደንግጠው።

«ማንም።»

«ሰው ሳይሞት የእድር ድንኳን አይወጣም! ደንቡን ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ ባሻ። ሦስት ሰው ከሞተ በኋላ ሦስቴ ከምታወጡት፣ ሳይሞቱ አንዴ አውጡት ነው የምለው። ጠምዛዛው ላይ እንትከለውና እንቀመጥ።»

ሰው ሁሉ ተንጫጫ። ሟርት ነው ያለ አለ፤ ሞትን በስሙ እንደመጥራት ነው ያለ አለ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔም ከተንጫጩት ውስጥ ነበርኩ። ጫጫታውን ያበረደችው አስናቁ ናት። ደህናውን ጆሮዋን ወደ ባሻ አዙራ ስትሰማ ቆየችና ተነሳች።

«ሟርቱ በኔ ላይ ይሁን» አለች። «ያችን መንገድ በቀን ሁለቴ የምሻገራት እኔ ነኝ። ድንኳኑ መተከሉ ካልቀረ፣ በሕይወት እያለሁ ቢተከል ቢያንስ አየዋለሁ።»

ባሻ ቁልፉን አውጥተው ሰጡ።

ድንኳኑን ከጠምዛዛው አፍ ላይ፣ ከአስፋልቱ ፈቀቅ አድርገን ተከልነው። አግዳሚ ወንበር ደረደርን፣ ንፍሮ ተቀቀለ። ማንንም አልዋሸንም። አላለቀስን፣ ደረት አልመታን፤ ዝም ብለን ተቀመጥን። አበሻ ግን ድንኳንና አንገቱን የደፋ ሰው ካየ ሌላ ማስረጃ አይጠይቅም።

ከአፋፉ ላይ የሚለቀቀው መኪና ሁሉ ድንኳኑን ገና ከሩቅ ሲያይ ማርሽ ያስገባል። ሙዚቃው ይጠፋል፣ ኮፍያ ይወልቃል። ጥሩምባውን እየነፋ የመጣ አውቶቡስ እንኳ እንደ እርጉዝ ላም እየተጠነቀቀ አለፈ። ብዙዎቹም ለቅሶ ታልፎ አይኬድም ብለው ወርደው ይቀመጣሉ። ለቅሶ ቤት ገብቶ ማን ሞተ ብሎ መጠየቅ እንዴት እንደሚያሳፍር ታውቃላችሁ። ስለዚህ ማንም አልጠየቀም። «እግዜር ያጥናችሁ» ይላሉ፣ ለደንቡ ያህል ይቀመጣሉ፣ ንፍሯቸውን ቆርጥመው ይሄዳሉ።

በሁለተኛው ቀን አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ገባ። አጠገቤ ተቀምጦ በረዥሙ ተነፈሰና «ደግ ሰው ነበሩ» አለ።

«ታውቃቸው ነበር?» አልኩት።

«እንዴት አላውቅም! በዚህ መንገድ ስመላለስ ስንት ዘመኔ!»

አስናቁ የመኪናውን መስታወት አሻግራ አየችና ንፍሮ ልትሰጠው ጎንበስ አለች። «አዎ ልጄ፣ ትተዋወቃላችሁ» አለችው። «ባለፈው ዱቄት የደፋህባት ሴት እኮ ናት፤ ይኸው እኔ።»

ሾፌሩ ቀና ብሎ አያት። ከመኪናው መስታወት ላይ የተረፈችው የስልቻ ቁራጭ ገና እንደተንጠለጠለች ነበር፤ ቁራጯንም አያት። ንፍሮው ከእጁ ላይ ተበተነ። ጉልበቷን ሊስም ወደቀ፤ እሷም «ተው፣ ተነስ፣ ንፍሮውን አትርገጠው» እያለች አነሳችው። ቁልቁለቱን በአንደኛ ማርሽ ነው የወረደው። ሞተሩ ሲያጓራ እስከ ወንዙ ድረስ ተሰማ፤ አስናቁ እንኳ ሰማችው።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ የአቶ ጥበቡ መኪና መጣች። እሷም በሞርታ ነበር የምትወርደው፤ ድንኳኑን ስታይ ግን ማርሽ ስታስገባ ሁላችንም ሰማን። አቶ ጥበቡ ወረዱ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። «እግዜር ያጥናችሁ» ብለው ከባሻና ከአያ ልመንህ መካከል ተቀመጡ። መቼስ ሰው ናቸው፤ ፊታቸው እውነት አዝኖ ነበር። እውነቱን ለመናገር ትንሽ አሳዘኑኝ።

እንደ ደንቡ ንፍሯቸውን በሉ። ሰዎቹን አንድ በአንድ አዩ፤ ያልመጣው ማን እንደሆነ ሊገምቱ ነው። የሚያውቁን ሦስታችንም አለን። በመጨረሻ አላስችል አላቸውና ወደ አያ ልመንህ ጆሮ ጠጋ ብለው፣ «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ሩቅ ስለሆንኩ አልሰማሁም፤ የሞተው ማን ነው?» አሉ።

አያ ልመንህ ድምፁን ዝቅ አላደረገም። «ጌታዬ፣ እኛም እሱን ሊነግሩን ይመጣሉ ብለን ሦስት ቀን ጠበቅንዎት።»

«እኔ?»

«አዎን። ሦስት ሰው ሲሞት ኑ ብለውን የለ? ድንኳኑ ይኸው፣ ንፍሮው ይኸው፣ ለቀስተኛውም ይኸው። የጎደለው ሟቹ ብቻ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ስመኘው፣ መዝገቡን ስጣቸው።»

የእድሩን የአባላት መዝገብ ከብብቴ አውጥቼ ሰጠሁ። አያ ልመንህ ተቀበለኝና በአቶ ጥበቡ ጉልበት ላይ ዘርግቶ አስቀመጠው።

«መቶ አርባ ቤተሰብ ነን፤ የሁላችንም ስም እዚህ አለ። ሦስቱን ይምረጡልን።»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ መዝገቡ አሰገገ። የአቶ ጥበቡ ጆሮ ቀላ።

«ምን ማለትዎ ነው? እኔ ማንም ይሙት አላልኩም! እስኪሞላ ጠብቁ ነው ያልኩት!»

«እኛስ መቼ እምቢ አልን?» አለ አያ ልመንህ። «እንጠብቃለን። ግን ጌታዬ፣ ሰው ሲጠብቅ ማንን እንደሚጠብቅ ማወቅ አለበት።»

አቶ ጥበቡ መዝገቡን ቁልቁል አዩ። ገጹ የተገለጠው ልመንህ ላይ ነበር፤ ከስሙ ጎን «ባለቤት፦ አስናቁ» ተብሎ በኔ እጅ ተጽፏል። ቀና ሲሉ አስናቁ ፊት ለፊታቸው ቆማለች፣ ንፍሮ የያዘ ሰፌድ ታቅፋ። ለረዥም ጊዜ አዩዋት። እዚያ ሰውዬ ፊት ላይ ምን እንዳለፈ እኔ አላውቅም፤ ብቻ ባርኔጣቸውን ዳግመኛ ሊያወልቁ እጃቸውን ወደ ራሳቸው ላኩ፤ ለካ አውልቀውታል።

ከዚያ «እስክሪብቶ» አሉ።

ወይ ጉድ! ድንኳኑ ተተራመሰ። አንዷ ሴትዮ እሪ አለች። ባሻ ወንድይፍራው፣ በጦር ሜዳ ያልደነገጡት ሰውዬ፣ ክንዴን ጨምድደው «የኔ ስም ስንተኛ ገጽ ላይ ነው?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«የመጀመሪያው ላይ፣ ባሻ። ዳኛ አይደሉ?»

«ምነው በዚያን ጊዜ ሹመቱ ቢቀርብኝ!»

አቶ ጥበቡ ግን መዝገቡን ዘግተው፣ ከኪሳቸው ወረቀት አውጥተው መጻፍ ጀመሩ። «ጥድ አፋፍ፣ ጠምዛዛው ላይ፣ ሁለት ጉብታና አንድ ምልክት፣ በአስቸኳይ» ብለው ፈረሙ። ቃላቸውን ጠበቁ፤ በዕለቱ ነው የፈረሙት። ሲወጡ አያ ልመንህን «ሰው ቅጽ ውስጥ ሲገባ እንዲህ መቅለሉን አላስተዋልኩም ነበር» አሉት። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልጠላኋቸውም።

ጉብታዎቹ ወር ሳይሞላቸው ተሠሩ፤ ምልክቱ ግን ቀለም ጠፋ ተብሎ ትንሽ ዘገየ። ድንኳኑ ታጥፎ ዕቃ ቤት ገባ። አያ ልመንህ የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ ጉብታው አጠገብ ተቀምጦ፣ መኪና ቀስ ባለ ቁጥር እንደ ልጅ እየሳቀ ዋለ።

እናም ምልክት ገና ያልቆመለት ጉብታ ላይ በሙሉ ፍጥነት የወጡት የመጀመሪያው ሰው አቶ ጥበቡ ሆኑ። መኪናዋ ዘለለች፣ አናታቸው ከጣሪያው ጋር ተገናኘ፣ ባርኔጣቸው በመስኮት ወጣ። አስናቁ ዱቄቷን አዝላ፣ ቀስ ብላ መንገዱን እየተሻገረች ነበር። ባርኔጣውን አነሳች፣ አራገፈች፣ በመስኮቱ በኩል አቀበለቻቸውና፣

«እግዜር ያጥናዎት» አለቻቸው።