የልሳነወርቅ መኪና ምርቃት

አንድ ቀን፣ አዲሱ ገበያ ሰፈር የሚኖሩ አቶ ልሳነወርቅ የሚባሉ ባለሱቅ እንደገና መኪና ለወጡና ጎረቤቱን ሁሉ ለምርቃት ጠሩ። ሰውየው መኪና ነፍሳቸው ነው። ችግሩ፣ የሚወዱት ሁልጊዜ ገና ያልገዙትን ነው። የአንዱ መቀመጫ ላስቲክ ሳይነሳ የሌላውን ፎቶ ስልካቸው ላይ አፍጥጠው ሲያዩ ይገኛሉ።

ጎረቤታቸው ጋሽ አጥናፉ ደግሞ አንዲት ሰማያዊ ቮልስ አለቻቸው። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እጅጌያቸውን ይሰበስቡና ካንዴላዋን ነቅለው ይጠርጋሉ፤ በአሮጌ ካኔተራ ይወለውሏታል፤ ከዚያ ሞተሯን አስነሥተው ጆሯቸውን ዘንበል ያደርጋሉ።

«እህ፣ እንዴት አደርሽ?» ይሏታል።

ሰፈሩን አንዴ ዞረውባት ሲመለሱ ፊታቸው በርቶ ምሳቸውን ይበላሉ። በቃ፣ ሌላ ምኞት የላቸውም።

ይህ ነገር አቶ ልሳነወርቅን እንቅልፍ ነሣቸው። ሰው እንዴት በአንድ መኪና ብቻ ደስ ይለዋል? ስለዚህ የጋሽ አጥናፉን ባለቤት፣ እትዬ የሺመቤትን፣ ሲሰብኩ ሰነበቱ። በምርቃቱ ቀን ደግሞ ጭራሽ ቮልስ የሚገዛ ሰው ይዘው መጡ።

ጥብሱ ሳይቀርብ፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት ጀመሩ።

«ጋሽ አጥናፉ፣ እስከ መቼ ነው ከዚች ቮልስ ጋር? ይኸው ገዢ አምጥቼልዎታለሁ። ትንሽ ይጨምሩና ሻል ያለ ይያዙ እንጂ! ሰው ማደግ አለበት።»

«እኔ እኮ አድጌ ጨርሻለሁ፣ ልሳኑ። አሁንማ ማጠር ጀምሬያለሁ።»

«ቀልዱን ይተዉት! እኔን አያዩም? ይህ ስንተኛ መኪናዬ እንደሆነ እንኳ ጠፍቶብኛል!»

እትዬ የሺመቤት ጣልቃ ገቡ። «እውነቱን ነው! ሠርግ ስሄድ ጉልበቴ አገጬ ሥር፣ ለቅሶ ስሄድ ጉልበቴ አገጬ ሥር። ሰለቸኝ!» አሉና የቮልሷን ቁልፍ ከቦርሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «በል፣ ዛሬ በሰው ፊት አንድ የሚያሳምን ነገር ተናገር። አለዚያ ለሰውዬው እሰጠዋለሁ።»

ገዢው ወንበሩን ወደ ቁልፉ ጠጋ አደረገ።

ጋሽ አጥናፉ ምን ይበሉ? «እወዳታለሁ» ቢሉ ይሣቅባቸዋል። ዝም ቢሉ ደግሞ የፊታችን እሑድ ምን ሊያደርጉ ነው? ደጅ ቆመው ባዶውን ቦታ ሊወለውሉ?

አቶ ልሳነወርቅ ሰዓታቸውን አዩ። «እሺ፣ መልሱን እያሰቡ የእኔን መኪና ይመርቁልኝ። በዕድሜ ትልቁ እርስዎ ነዎት፤ ጥብሱም ደርሷል።»

ሰው ሁሉ ተነሥቶ አዲሱን መኪና ከበበና መዳፉን ዘረጋ። ጋሽ አጥናፉ ቀስ ብለው ተነሡ። መኪናውን አዩት። አቶ ልሳነወርቅን አዩዋቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ከአደጋ ይሰውርህ!»

«አሜን!»

«ከክፉ ዓይን ይጠብቅህ!»

«አሜን!»

«መኪናውንም እግዚአብሔር ከሚቀጥለው ባለቤቱ ጋር ያስረጀው!»

«አሜን!» አለ ሰው ሁሉ። ከሁሉም በላይ ጮክ ብለው ያሉት ደግሞ አቶ ልሳነወርቅ ራሳቸው ነበሩ።

አቶ ልሳነወርቅ የተባለው ሲገባቸው የዘረጉትን መዳፍ ወዴት እንደሚያደርጉት ጨነቃቸው። ከዚያ አንዱ ፈነዳ፣ ሌላውም ተከተለው፤ ግቢው በሣቅ ተናወጠ።

እትዬ የሺመቤት እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ ቁልፉን ከጠረጴዛው አንሥተው ለባላቸው አቀበሉና ወደ ገዢው ዞሩ።

«ወንድሜ፣ ያሳዩህ ተሳስተው ነው» አሉት አዲሱን መኪና በጣታቸው እያመለከቱ፣ «የሚሸጠው ያኛው ነው።»